ደርሷል

ማክሰኞ ማታ ነው፤ ከፋብሪካ ወጥቼ፣
አውቶቡስ ውስጥ ቆሜ፣ ባንድ እጄ ብረት ይዤ፣ ባንድ እጄ ስልክ አውጥቼ
ሳይ፣ አንዲት ቃል መጥታለች፤
«ደርሷል» ትላለች።

የእግር ማሞቂያ ነው ያዘዝኩት፣ በመብራት የሚሠራ፤
የተኛ ድመት ይመስላል፣ ሽቦው እንደ ጭራ።
መቶ ሰማንያ ዘጠኝ ሼቄል። ለዘርትሁን ነው፣ ለሚስቴ፤
እግሯ ሌሊት ሲነካኝ ብርድ ይገባል ካጥንቴ።

ቤት ደረስኩ። በሩ ላይ የለም።
ምንጣፉ ሥር የለም፤ ቆጣሪው ጋ የለም።
የፖስታ ሣጥኑን ከፈትኩ፦ የውሃ ሒሳብ፣ የምርጫ ወረቀት፣
የፒዛ ማስታወቂያ። ድመቴ የለችበት።

ደወልኩ። ሙዚቃ። «ከፊትዎ አሥራ ሰባት ሰው አለ።»
ምስሩ ተጣደ፤ ምስሩ ገነፈለ።
«ደርሷል»! እህል ይደርሳል፣ ልጅ ይደርሳል፣ መከራም ይደርሳል፤
እኛንም «ደርሳችኋል» ብለው መዝግበውናል፣ ማን ይረሳል?

በመጨረሻ አንዲት ልጅ፣ ድምጿ እንደ ቅቤ የላመ፣
«ጌታዬ፣ እዚህ ደርሷል ይላል፤ ተረካቢውም ፈረመ።»
«ማነው የፈረመው?»
«እርስዎ።»
«እኔማ በቆሎ ሳሽግ ነበርኩ፣ ከጠዋት እስከ ማታ!»
«ሲስተሙ ግን ደርሷል ይላል» አለች በጸጥታ።

ፊርማውን ላከችልኝ። አሸዋ ላይ ትል የሄደበት።
እኔ በአርባ ዓመቴ ኡልፓን የገባሁ፣ ስሜን ለመጻፍ ወር የፈጀሁበት፣
ፊደሉን አንድ ባንድ ነው የምተክለው፣ እንደ ሽንኩርት ችግኝ፤
እንዲህ ያለ ግድየለሽ ፊርማ ከየት አባቴ ሊገኝ?

ፎቶም አለ። ካርቶኑ ከበር ሥር ተቀምጦ።
በሩ ግን የእኛ አይደለም። የእኛ ቡኒ ነው፤ ይሄ አረንጓዴ፣ ቀለሙ ተላልጦ፣
አጠገቡም በእርጎ ባልዲ የደረቀ አበባ።
ልጄ ሺራን «ቅጽ ሙላና ተወው» አለች፣ «ይመልሱልሃል አባ።»
ቅጽ? በቅጽ ነው ያረጀሁት።
ስልኬን እንደ ፋኖስ ይዤ ደረጃውን ጀመርኩት።

ቂርያት ጋት፣ በዚህ ሕንፃ፣ አሥራ አንድ ዓመት ስኖር፣
ከቤቴ በላይ ያለውን ፎቅ ረግጬው አላውቅም ነበር።
አንዱ ጋ ውሻ ጮኸብኝ። አንዷ በበር ሰንሰለት አሻግራ «አንገዛም» አለችኝ።
አንድ ሕፃን ፎቶውን አየና «የኔም ብስክሌት ጠፍቷል» አለኝ።

ወጣሁ፣ ዞርኩ ወደ ጀርባ። ያው ሕንፃ፣ ያው ቁጥር አሥራ አራት፤
የእኛ መግቢያ አሌፍ ነው፤ ያኛው መግቢያ ቤት።
አረንጓዴው በር። ባልዲው። አንኳኳሁ።
«ክፍት ነው!» አለ ድምፅ። ገባሁ።

አንዲት አሮጊት፣ ናኑሊ፣ የጆርጂያ ሰው፣ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣
ሁለት እግሯን ድመቴ ውጣ።
«ልጄ ላከልኝ» አለች፣ ሳልጠይቃት፣ «ከሃይፋ፤
ሁለት ዓመት ድምፁ ጠፍቶ፣ ይኸው እግሬ አልጠፋ!»
የእሷ ዕብራይስጥ ያነክሳል፣ የእኔም ያነክሳል፤
አንካሳ ካንካሳ ጋር ግን መንገድ ላይ ይጠባበቃል።
ካርቶኑ ጥግ ቆሟል፤ ስሜ ላይ
የመድኃኒት ብልቃጥ ደርድራለች።
አፌን ከፈትኩ።
የቼሪ ማርማላታ በማንኪያ አጎረሰችኝና ሳቀች።

በማግስቱ ስልክ ጮኸ። ያቺው ልጅ ናት። «አቤቱታዎን ልዝጋው?»
«ዝጊው» አልኩ፣ «ደርሷል ዕቃው።»
«ለእርስዎ?»
«ደርሷል አልኩሽ እኮ!»

ዘርትሁን ከሶፋው ሰምታኛለች። «የት ነው የደረሰው?»
ነገርኳት። ብዙ ዝም አለች። «ነገ ደውላ ልጁን ብታመሰግነውስ? ያኔ ምን ሊውጣት ነው?»
አላሰብኩትም ነበር።
ሁለት እግሯን ጭኔ ላይ ጣለች፣ የወንዝ ድንጋይ፣ ቀዝቃዛ፤
«በል እንግዲህ» አለች፣ «ሌላው እስኪደርስ፣ አንተ ያዛ።»